ማማ ኖሊታ ገና አልጨረሱም ነበር

ቡቲ ሉዙኮ፣ ወንድሜ፣

ትናንት ከሰዓት በሰፈራችን በላንጋ አዳራሽ፣ በሙዚቃ ማኅበራችን የጃዝ ኮንሰርት ላይ መድረኩን የያዝነው አንተ በትራምፔት፣ እኔ በከበሮ፣ ማማ ኖሊታ በሳክስፎን ነበርን።

የበቆሎ ክክና ባቄላው ድስቱ ውስጥ አለልህ። አሙቀህ ብላ።

ማማ ኖሊታ ሳክስፎን የያዙት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። "ማማ፣ ሁሉንም ቦታ በድምፅ አይሙሉት፤ ዝም ማለትም መጫወት ነው" እያልክ ያስተማርካቸው አንተ ነህ። ትናንት ብቻቸውን የሚጫወቱበት ተራ ሲደርስ፣ ልክ እንዳልካቸው መሃል ላይ ዝም አሉ።

አንተ ግን ዜማው ጠፋባቸው ብለህ በትራምፔትህ ዘለህ ገባህ። ሰዉ ላንተ አጨበጨበ። የልጅ ልጆቻቸው ከፊት ተቀምጠው ያዩ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ገና አልጨረስኩም ነበር" አሉህ ከመድረክ ስንወርድ።

"አይዞዎት ማማ፣ አዳንኩዎት!" ብለህ ሳቅክ።

ከምን ነው ያዳንካቸው?

ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ከበሮውን ለማኅበሩ የሕፃናት ሙዚቃ ክፍል ይዤ ሄጃለሁ። መስኮቱን ሳትዘጋ እንዳትወጣ።

ማማ ኖሊታ ዛሬ ጠዋት የማኅበሩን ሳክስፎን በልጅ ልጃቸው እጅ መልሰው ላኩ። አልጋህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ምቡሌሎ