ወይዘሮ ብሪቱ ኢተፋና የእሁድ አየር

ወይዘሮ ብሪቱ ኢተፋ ከአባታቸው ከአቶ ኢተፋ ኤጀታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡሴ ዲሳሳ በወለጋ ክፍለ ሀገር፣ መንዲ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በመንዲ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምት ተምረው፣ በአዲስ አበባ የሚቲዎሮሎጂ ሥልጠና ወስደው በ1977 ዓ.ም. አሶሳ ተመደቡ። በዓመቱ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ከአቶ ሙላው ፈንታ ጋር ትዳር መሥርተው ደራርቱንና በቃሉን ወለዱ።

በ1979 ዓ.ም. በጋ ለጥናት የመጣ መሣሪያ ከሰፈራው አጠገብ ሲተከል፣ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለኩ ተመደቡ። የሰኞውን ከሰኞ፣ የእሁዱን ከእሁድ እያሰባሰቡ ቢያስተያዩት፣ መጠኑ ሳምንቱን ከፍ ብሎ ሰንብቶ እሁድ እሁድ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ የነፋስ ሥራ መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ለባለቤታቸው፣ «ነፋስ እሁድን ከሰኞ አይለይም፤ ይህ የሰው እጅ ነው» አሏቸው። እሁድ ሰፋሪው ስለሚያርፍ ትራክተር ይቆማል፣ የተመነጠረው ጫካም አይቃጠልም ነበርና። ያን ሰሞን የባለቤታቸው ፊት በርቶ እንደነበር አቶ ሙላው ዛሬም ያነሣሉ።

ግኝታቸውን በስብሰባ ሲያስረዱ የሰፈራው ኃላፊ የሰሙት ሌላ ነገር ነው። «እሁድ ይህን ያህል ሥራ ይቆማል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ ዕረፍቱ ቀርቶ ምንጣሮው የእሁድ ዘመቻ ሆነ። ወይዘሮ ብሪቱ ቢሮ ድረስ ሄደው፣ «ጓድ፣ እኔ የለካሁት አየሩን ነው። ሰዉ በወባ አልቋል፤ አንዲቱን ቀን እንኳ ይተኛባት» ብለው ለመኑ። «ከላይ የወረደ ነው፤ በእጄ አይደለም» ተባሉ። ደግመው ቢሄዱ የሚያስገባቸው አጡ።

የአቶ ሙላው እህት ወይዘሮ ብዙወርቅ ትኩሳታቸውን ችለው ሳምንቱን ሠርተው እሁድ ነበር የሚተኙት። መጋቢት ላይ በዘመቻው መሐል ወደቁ፤ አልተነሡም። ልኬቱን ማቋረጥ ስላልተፈቀደላቸው ወይዘሮ ብሪቱ ከቀብር መልስ ወደ መሣሪያው ሄዱ። የእሁዱ መጠን ከሰኞው ጋር ተካክሎ ጠበቃቸው። አቶ ሙላው አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ እሳቸው ግን «ምነው ዝም ባልኩ» ማለትን አልተዉም።

በ1984 ዓ.ም. ወደ መምህርነት ተዛውረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ባምባሲ ጂኦግራፊ አስተማሩ።

በልብ ሕመም በአሶሳ ሲታከሙ፣ «ብዙወርቅ የእሁዱ ዕረፍት ለምን እንደቀረ ታውቅ ነበር ይሆን?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። አቶ ሙላው እጃቸውን ያዙ። ወይዘሮ ብሪቱ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ለሌላው ዕረፍት ለምነው የተከለከሉትን ወይዘሮ ብሪቱን፣ አምላክ ማንም በማይከለክለው ዕረፍት ይቀበላቸው።