ባለ ቡሉኮውና የጋሼ ቢተው ፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለሳዲቅ ጀማሉዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ አሠሪህስ እንዴት ይዘውሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእናታችን ጉልበት ብቻ ብርዱ ሲጠና ያስቸግራታል። አባባም አንተን ሳይጠሩ ዱዓ አድርገው አያውቁም። የምጽፍልህ ግን ተናድጄ መሆኑን ከወዲሁ እወቀው። በስልክ እንዳልነግርህ እናታችን ከአጠገቤ አትጠፋም።

ነገሬ ስለ ባለ ቡሉኮው ነው፤ አስረኛ ክፍል ሳለህ፣ ቀዩ በሬያችን በተሰረቀ ሰሞን ስለፈጠርከው ሰው። ያኔ አውጫጭኝ ተጠርቶ አገሬው ከሾላው ሥር ሲውል፣ ወፍ ሆኖ ያየውን በስውር የሚጠቁም አንድ ሰው ጠፍቶ መበተኑን ታስታውሳለህ። ፖሊስም ማስረጃ አምጡ እያለ አባባን አመላለሳቸው። አንተ በንዴት እርሳስህን አነሳህና እስከ ዓይኑ ቡሉኮ የተከናነበ፣ የማይናገር፣ ዱላ ብቻ የያዘ ሰው ሳልክ። በመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፍህ የተሰረቀ በሬ ነድቶ ለባለቤቱ መለሰ። በሁለተኛው የሌባውን ክምር አቃጠለ። በሦስተኛው የሌባውን እጅ ሰበረ፤ ከሁሉም የተወደደውም ይኸኛው ነው።

ለምን እንደተወደደ አውቃለሁ፤ እኔም ወድጄው ነበር። ምስክር አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ነገ ተመለሱ አይልም። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የከረመ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ አንጀቱ ይርሳል። ከሄድክ ወዲህ እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት እየተባዛ ወግዲም ደጎሎም ደርሷል። ፊደል ያልቆጠሩት ሳይቀሩ ሥዕሉን እያዩ ይተርኩታል፤ መምህራኑም ከተማሪ ተውሰው ያነቡታል። ባለ ቡሉኮው ተሳስቶ አያውቅማ። እንዴት ይሳሳታል? ሌባው ማን እንደሆነ አስቀድመህ የምትነግረው አንተ ነህ።

የሌባው ፊት ነው ጉድ ያፈላብን። ጎረቤታችን ጋሼ ቢተው ከአጥሩ ማዶ ቀንበር ሲጠርቡ፣ አንተ መስኮቱ ላይ ተቀምጠህ ፊታቸውን ለሌባው ስትስል አይቻለሁ። ያች የተቆረጠች ጆሮአቸው ለሥዕል ትመቻለች አልከኝ፤ ሳቅን። ሌላው ሰው ግን አልሳቀም። በአውጫጭኙ ያልተገኘው ወፍ ሳዲቅ ነበር፣ በአፉ መናገር ፈርቶ በሥዕል ጠቆመን አሉ። የተማረ ልጅ በከንቱ የሰው ፊት አይስልም አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ቡሉኮ የተከናነቡ ጎረምሶች ጋሼ ቢተውን ገበያ መሐል ከበው ደበደቧቸው። ቀኝ እጃቸውን ሰበሩት፤ ወጌሻው ከእንግዲህ መጥረቢያ አይጨብጡም ብሏል። ገበያተኛው ቆሞ አየ፤ ያጨበጨበም ነበር።

ልጠይቃቸው ሄድኩና ክሰሱ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። ባለቤታቸው ብርሀንነሽ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው ምክንያቱን ነገሩኝ። በሬው ሲሰረቅ ሳዲቅ ያየው ልጄን አራጌን ነው አሉኝ። በሬው የጠፋ ሰሞን አራጌ ከቤት ጠፍቶ ነበር፤ ልጄን አሳልፎ ላለመስጠት ብሎ የእኔን ፊት ሳለ አሉ። አራጌን አንድ ቃል እንኳ ሳይጠይቁት ከቤት አስወጥተውታል። ወላሂ ሳዲቅ ማንንም አላየም፣ ጆሮዎ ስለተመቸው ብቻ ነው ብላቸው፣ ለማጽናናት የምለው መሰላቸው።

እኔን አላመኑም፤ አንተን ያምኑሃል። ለሳቸውም ለሽማግሌዎቹም በገዛ እጅህ ጻፍ፤ ማንንም አላየሁም፣ ከበሬው ሌባ የማውቀው የለም በል። ማፈርህ አይቀርም፣ እፈር። እዚያ ሆነህ ማንም አይነካህም፤ እዚህ አባትና ልጅ በአንተ እርሳስ ተለያይተዋል። አራጌ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አዲስ ሥዕል ደግሞ እንዳትልክ።

እናታችን ዓይንህን ሳላይ አልሙት ትላለች። አባባ ሶላትህን አደራ ብለውሃል። እህታችን ቀመር ፎቶህን ላክልኝ ትላለች። ብርሀንነሽ ስምህ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ጋሼ ቢተው ግን ሰላምታ አቅርቢልኝ ብለውኛል። ልጄን ስለሸሸገልኝ እግዜር ውለታውን ይክፈለው፣ እኔ የምከፍልበት እጅ የለኝም አሉ።

እህትህ ኡሙልኸይር ጀማሉዲን
መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.