ለዋስትና ጥገና ክፍል ኃላፊ፦ ሦስት ጊዜ ስለተነገረው የማካፈል ምዕራፍ

ለተከበሩ የኮምፒውተር መደብሩ የዋስትና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ቁልፍ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ቀጠሮዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቤቴ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ከስፌት የተረፈኝን ሰዓት የማውለው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡትን የአባቴን ቃል በመተየብ ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሲሆን፣ አሁን ተማሪ የት ላይና ለምን እንደሚሳሳት የሚያስረዳ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ እተይባለሁ፤ ከእናንተ የገዛነው ኮምፒውተር ደግሞ ይበላል።

ውለታችሁን በተራ ቁጥር የምዘረዝረው ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች ነው።

1ኛ. ኮምፒውተሩ ገና በመጀመሪያው ወር ሥራ መሀል ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሲነሳም ፋይሉ ተበላሽቷል ከማለት በቀር ስለ ማካፈል የሚናገረውን ምዕራፍ ሊያሳየን አልፈቀደም። የላኩልን ባለሙያ ቫይረስ ነው ብለው ዲስኩን ከነያዘው ሁሉ ጠራርገው አጸዱልን። እንዲህ ያለ ንጽሕና በሆስፒታል እንኳ አላየሁም።

2ኛ. አባቴ ምዕራፉን እንደገና ቢነግሩኝም በአሥራ አንደኛው ቀን ያው ደረሰበት። በዚህ ጊዜ በስልክ የለገሳችሁን ምክር አጥፍታችሁ አብሩት የሚል ነበር። ማጥፋቱን ራሱ አሳምሮ ስለሚችልበት፣ ለእኛ የተረፈን ማብራቱ ብቻ ሆነ።

3ኛ. ከሦስት ሳምንት ደጅ ጥናት በኋላ አዲስ ዲስክ ገጠማችሁልን፤ ለዚህ ቸርነት ቃል ያጥረኛል። አዲሱም ምዕራፉን ገና ሳንደግምበት በዘጠነኛው ቀን ሌሎቹን ፋይሎች አመሰቃቅሎ ቆመ። ማመልከቻ ይዤ ብመጣ «የተጠቃሚ ስህተት» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰልኝ። መቼም ከዕቃዎቻችሁ ሁሉ ማኅተማችሁ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ለጥቂት ላቋርጥ። ምዕራፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሊነግሩኝ ሲቀመጡ አባቴ መሀል ላይ አቋረጡ። አንዲት ተማሪያቸው ከዜሮ ጋር እንዴት እንደተጣላች የሚተርኩበት፣ ሁለቴ ያሳቀን ታሪክ ከአእምሯቸው ወጥቶ ነበር። ፈለጉት፤ አጡት። ከዚያም ስለ ታሪኩ መጨነቁን ትተው ስለ ኮምፒውተሩ ይጠይቁኝ ጀመር። የሆነውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ አስነገሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ተማሪ ደብተር ቀይሮም ያንኑ ስህተት ከደገመ፣ ጥፋቱ የደብተሩ አይደለም። ከደብተሩ በፊት ያለውን እዪ።»

ከዲስኩ በፊት ያለው፣ ጽሑፍ ዲስክ ላይ ከመስፈሩ በፊት ለጊዜው የሚያርፍበት ራም የሚሉት ማስታወሻ ነው። ይህንንም ያነበብኩት ከኮምፒውተሩ ጋር ከመጣው፣ ክፍልዎ ምናልባት ገና ከላስቲኩ ካላወጣው መመሪያ ላይ ነው። የስፌት መኪናዬን በምፈታበት መፍቻ ጎኑን ከፈትኩት፤ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ተሰክተው አገኘሁ። አንዷን ነቅዬ በሌላዋ ብቻ ሳስነሳው ለምሳ ሳይደርስ ወደቀ። ሳለዋውጣቸው ግን ይኸው ሁለት ወር ሙሉ አልወደቀም፤ አንዲት ፊደልም አልበላም።

4ኛ. የታመመችውን ሰሌዳ ይዤላችሁ ብመጣ፣ ጎኑን በመክፈቴ ዋስትናው መሰረዙን በደብዳቤ ገለጻችሁልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ በማግስቱ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ሲፈልግ እንዲህ መፍጠን እንደሚችል ስላሳያችሁኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መጽሐፉ እያለቀ ነው፤ የማካፈል ምዕራፍ ያለዚያች ተማሪ ታሪክ ይወጣል። ሰሌዳ ቀይሩልኝ ማለቱን ትቼዋለሁ። የምለምንዎ፣ ቀጣዩ ደንበኛ ሲመጣ ዲስኩን ከመጥረጋችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ አንዴ እንድትጠይቁት ብቻ ነው።

የእንግዳ መቀበያዎን አግዳሚ ወንበር ከሠራው አናጢ ይልቅ የማውቀው፣
በአክብሮት እጅ የምነሳዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከክፍልዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደውላ ለአገልግሎታችሁ ከአምስት ስንት እንደምንሰጥ ጠየቀች። ስልኩን ያነሱት አባቴ ነበሩ። «ልጄ፣ ፈተናው ላይ ላልተገኘ ማርክ አይሰጥም፤ ቀሪ ብለሽ መዝግቢያቸው» አሏት።