ደቦ የተከለው አበባ

መቱ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ገለኔ፣
ጂዳ

እርስዎ እያልኩ ልጽፍልሽ ነበር፣ ተቆጥቻለሁና። ገና ስምሽን ጽፌ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። በሦስት ዓመት ስለቀደምሽኝ ብቻ አንቱ አልልሽም። ስለዚህ ገለኔዬ፣ አንቺ ከዳተኛ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ዝናቡም ከእኛ የበለጠ ደህና ነው።

በኢሞ ያልነገርኩሽ ገና አፌን ስከፍት "ደግሞ ምን አጠፋህ?" ብለሽ ስለምትስቂ ነው። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም። ይህን የምታደርስልሽ የጓደኛዬ የጀዋር እህት ሀያት ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ ትገባለች። ፖስታውን እንዳትከፍተው በአላህ አስምያታለሁ። ትከፍተዋለች።

አሁን ጥፋትሽን ስሚ።

ዝዋይ አበባ እርሻ ስትሠሪ የተማርሽውን ለእኔ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጓሯችን ውስጥ ቆመሽ፣ ያንን ሽንኩርት የሚመስል የግላዲዮለስ ዘር በእጅሽ ይዘሽ፣ "ሂካ፣ ባንዴ ከተከልከው ባንዴ ያብባል፤ ባንዴ ካበበ ባንዴ ይበሰብሳል" አላልሽኝም? አንድ መደብ ትተክላለህ፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለህ፣ ሌላውን ትተክላለህ፤ አንዱ ተቆርጦ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል፤ ከመስከረም እስከ ጥር አበባ ከእጅህ አይጠፋም። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ያልገባኝ ሰውዬ ይሄኛው ባንድ ቀን ገባኝ።

እንዳልሽውም አደረግኩ። የሠርግ መኪና የምታስጌጠዋን እትዬ ጥሩነሽን ሄጄ አናገርኳት። "በየሳምንቱ ካመጣህልኝ ከሌላ ሰው አልገዛም። አንድ ሳምንት ብትቀር ግን ፊትህን እንዳላይ" አለችኝ። በተለይ ጥርን አጥብቃ ነገረችኝ፣ ሠርጉ ያኔ ነውና። ጥር ደግሞ ያንቺ ውል የሚያልቅበት ወር ነው። ስትመጪ ጓሮው ውስጥ አቁሜሽ "ይኸው፣ ሁለታችንንም የሚያኖር ሥራ፤ ተመልሰሽ አትሄጂም" ልልሽ ነበር። ይህን አሁን የምነግርሽ እንድታፍሪ ነው እንጂ እንድታለቅሺ አይደለም።

ሁለት መደብ ተክዬ የሦስተኛው መደብ ቀን እስኪደርስ ቡሬ ወረድኩ። የቡና ችግኝ የማውረድ የቀን ሥራ አግኝቼ ነበር። ይሄኔ አጎታችን ጋሼ ደቅሲሳ በአጥራችን ሲያልፍ የተቆፈረ ባዶ መደብ ያያል። "ይሄ ሰነፍ መሬቱን ጦም ሊያሳድረው ነው" ይልና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አንቺ ይደውላል። አንቺስ ምን አልሽ? ራሱ ነው የነገረኝ። "እሱን ያውቁት የለ ጋሼ፣ ብትረዱት ጥሩ ነው።" እሱን ያውቁት የለ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ እያኘክሁት ነው፣ አልላም አለ።

ጋሼ ደቅሲሳ ደቦ ጠራ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። እስከ ጥር ልከፋፍለው ያስቀመጥኩትን ዘር በሙሉ ባንድ ጠዋት እየዘፈኑ አፈር አለበሱት። ጎረቤታችን እትዬ ዋሪቱ ሳትቀር፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ። ቀልድ ቢሆን ይህን የሚያህል ቀልድ እኔም አላስብም።

ማታ ስመለስ እማዬ በር ላይ ቆማ "አየህ፣ ሰው እንዴት እንደሚወድህ" አለችኝ። ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቁጣዬ የሚያርፍበት ያገኝ ነበር። ክፉ ሰው አጣሁ። አንቺ ብቻ ቀረሽኝ።

በማግስቱ በዝናብ መልሼ መቆፈር ጀመርኩ። ዘሩ ሥር ሳይሰድ ወጥቶ ካልደረቀ ሁሉም ባንድ ሳምንት አብቦ እኔና እትዬ ጥሩነሽ እንለያያለን። ግማሹን እንዳወጣሁ እትዬ ዋሪቱ ብቅ አለች።

"ሂካ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እያወጣሁት ነው።"

"የተከልነውን?"

"እሱን።"

"ጭቃው እኮ ገና ከጥፍሬ አልወጣም" አለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። የቀረውንም አወጣሁት።

ደቦ የሠራውን ያፈረሰ ሰው በዚህ አገር እስከዛሬ አልተሰማም፤ የቀረበልህን ማዕድ በእግርህ እንደመርገጥ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ደቅሲሳ ቤት ጃርሳ ተቀመጠ። እኔ መሐል፣ ሽማግሌዎቹ ዙሪያዬን። እውነቱን ነገርኳቸው፣ አንቺ በነገርሽኝ ቃል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም።

"በቆሎስ አብሮ አይደል የሚደርሰው? ማን ተቸገረ?" አለ ጋሼ ደቅሲሳ።

"በቆሎ ጎተራ ይገባል ጋሼ። አበባ ተቆርጦ ሳምንት አይቆይም።"

"ሶባ ነው፣ ውሸቱን ነው" አሉ አባ ባጫ። "ይሄ ልጅ የእድሩን ጡሩምባ ነፍቶ፣ ደቅሲሳ ሞተ ብሎ፣ ድንኳን ያስተከለን አይደል? እኔ አልቅሻለሁ እኮ።"

"ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የመጣሁት" አለች እትዬ ዋሪቱ ከጓዳ።

ጋሼ ደቅሲሳ በሕይወት እያለ ማን ማን እንደሚያለቅስለት ስላሳየሁት ሊያመሰግነኝ ይገባ ነበር፤ ግን ይሄን አላልኩም።

"ገለኔን ጠይቋት" አልኩ። "እሷ ናት ያስተማረችኝ። በጥር ስትመጣ..."

"አትመጣም" አለ ጋሼ ደቅሲሳ። እንዲያው እንደ ዋዛ፣ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚል ሰው። "አልነገረችህም እንዴ? ስደውልላት እኮ ነግራኛለች። ለሌላ ሁለት ዓመት እሺ ብላለች።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ገለኔ። እኔ ለአበባው ወር እየቆጠርኩ፣ አንቺ ለአጎትሽ ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪ።

ከዚያ በኋላ ለእውነት የሚሆን ጉልበት አጣሁ። ተነስቼ ከደጅ ለምለም ሳር በጠስኩና እንደ ይቅርታ ለማኝ በሁለት እጄ ይዤ ጉልበታቸው ሥር ወደቅሁ። "ለቀልድ ነው ያወጣሁት" አልኩ። "ልሳቅባችሁ ብዬ ነው፤ ማሩኝ።" ወዲያው አመኑኝ። እውነቴን ስናገር ሶባ ያሉት ሰዎች ስዋሽ ጊዜ ባንድ አፍ "በል፣ እንዲህ በል እንጂ" አሉ። መረቁኝ። ቅጣቴንም ጋሼ ደቅሲሳ ቆረጠ፦ ያወጣሁትን ሁሉ ብቻዬን መልሼ እተክላለሁ፤ እስክጨርስ ድረስ ማንም ሰው እጁን አይዘረጋልኝም።

ቀን ስላልቆረጠልኝ በየሁለት ሳምንቱ እተክላለሁ፤ እኔ የፈለግሁት እሱን ብቻ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን እስከ ጎሬ እየሳቅሁ እሮጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሦስተኛውን መደብ ቀኑን ጠብቄ ተከልኩ። የቀረው ዘር አልጋሽ ላይ ተዘርግቷል፤ ጣራው የማያፈስበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። እትዬ ጥሩነሽ የጥርን አበባ ዛሬም ጠየቀችኝ፤ ይደርሳል አልኳት። ያንቺን መምጣት ያልጠበቀ አበባ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ለካ ይኖራል።

እንግዲህ እግዜር ይጠብቅሽ። አሰሪዎችሽንም ይጠብቃቸው፣ ከእኔ። ሙቀቱ አይግደልሽ፤ የሚገድልሽ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እማዬ ያን ቀን ቤተክርስቲያን ነበረች፤ ስለ ውሉ አልሰማችም። ጃርሳዎቹንም እትዬ ዋሪቱንም ለምኜ ዝም አስብያቸዋለሁ። ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት። ሰፈሩን ሁሉ አታልያለሁ፣ ይሄን ግን አልችልም። ትናንት አልጋሽ ላይ ያለውን ዘር እያገላበጠች "መቼ ነው የምታነሳው? ልጄ መጥታ የት ልትተኛ ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይታኝ አታውቅም፤ ፊቴን አየችና ሳቀች። "ገባኝ፣ ገባኝ። ቀድማ ልትመጣ ነው፤ ልታስደነግጡኝ ተማክራችኋል" አለች።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል አንሶላሽን አጥባ አስጥታዋለች።

ወንድምሽ ሂካ