የጾም ዋዜማ ደንብ ያወጡት የአቶ ሠርክአዲስ ኃይለ ኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሠርክአዲስ ኃይለ ኢየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ከበደና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማንጠግቦሽ ቅዱስ በ1952 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርት በሐይቅ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ2010 ዓ.ም.፣ በለውጡ ሰሞን፣ ወጣት ይደራጅ ሲባል እርሳቸው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከወጣቶቹ ጋር ተሰልፈው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መሠረቱ። የዓሣ ገበያ የሚደራው በጾም ስለሆነ ዕቅዳቸውንም በአጽዋማት ከፋፈሉት። ማቀዝቀዣ ቤት እንሥራ ብሎ ማውራት ያደክማል፤ ለዚህ ጾም መሠረቱን፣ ለሚቀጥለው ግድግዳውን ማለት ግን ከመኝታ ያስነሣል ይሉ ነበር። እያንዳንዱ አባል በየጾሙ ዋዜማ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚሠራውን እንዲናገር፣ ሳይታመም የቀረ ከማኅበሩ እንዲወጣ ደንብ አወጡ። ከአባላቱ እነ አቶ ሀሚዱ ሙስሊም ሆነው ሳለ የጾሙን መግቢያ ከቄሶቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። ማቀዝቀዣ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ለፍልሰታ ደረሰ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲቃረብ ምክትላቸው ፈንታሁን፣ «ጋሼ፣ እናቴን አደራ፤ ማቀዝቀዣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» ብሎ ለመናቸው። አቶ ሠርክአዲስ መራመድ የተሳናቸውን እናቱን ይዘው ደብረ ብርሃን ተፈናቀሉ፤ አስታመው በታኅሣሥ በሰላም መለሷቸው።

ማቀዝቀዣ ቤቱን ጦርነቱ አልነካውም። ቁልፉ ግን ተቀይሮ ጠበቃቸው። ፈንታሁን በአባላቱ ፊት፣ «ጋሼ፣ የገና ጾም ዋዜማ አልተገኙም። ደንቡን ያወጡት ራስዎ ነዎት፤ መፈናቀል ደንቡ ውስጥ የለም» አላቸው። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሀሚዱ ብቻ፣ «እንግዲያ እኔንም ሰርዙኝ! ወላሂ ከናንተ ጋር አንድ ጀልባ ላይ አልወጣም» ብለው ተነሡ። ይህን እኛ ቤተሰባቸው ያስነበብነው አብዛኞቻችሁ ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ነው።

አቶ ሠርክአዲስ ከአቶ ሀሚዱ ጋር በአንዲት ጀልባ እንደገና ጀመሩ። መነሣት ያቃታቸው ቀን መረቡን ብቻ ዘርግቼ ልመለስ ብለው ይወጡና ዓሣ ይዘው ይገቡ ነበር። በማቀዝቀዣ ቤቱ በኩል ማለፍ ግን እስከ መጨረሻው አልቻሉም፤ ዞረው ነበር የሚገቡት። ክህደቱ ውስጣቸውን በላው።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ማኅበሩ የላከው የአበባ ጉንጉን ከደጃፋችን ተመልሷል። የፈንታሁን እናት ከትናንት ጀምሮ ከእኛ ጋር መሬት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን አላናገሩትም።

አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማይዘጋባቸው ቤት ያሳርፍልን። ለእኛም ይቅር የምንልበትን ልብ ይስጠን፤ ዛሬ የለንም።