ከግንቡ ወዲያ ያለው አበባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዝናቡ አባርቷል። ጠዋቱን ሙሉ የፓሽን ፍሩት ሐረጉን ስገርዝ ነበር። የደረቀውን ቆረጥኩ፣ መንገድ የሳተውን ወደ ሽቦው መለስኩ። ሥሩ ላይ ትንሽ የዶሮ ኩስ... ከበዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። ምሳ፣ ሩዝና ባቄላ።

ሰባት ሰዓት ላይ አበቦቹ ተከፈቱ። ሃያ ሦስት! ወዲያው እነዚያ እንጨት የሚበሱት ትልልቅ ጥቁር ንቦች መጡ። ጀርባቸው በቢጫ ብናኝ ተለውሶ ካንዱ ወደ ሌላው፣ ከዚያ በግንቡ ላይ አልፈው ወደ ጎረቤት፣ እንደገና ወደ እኔ። እነሱ ካልነኩት አንድም አበባ ፍሬ አይዝም። ከቀትር በኋላ ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል፣ አለቀ።

ከግንቡ ወዲያ የኦዴቴ ሬዲዮ ይጮሃል። እህቴ ናት። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ሆን ብላ ነው ድምፁን የምትጨምረው። ሌላ ምን ሥራ አላት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አቃጠሏቸው!

ንቦቹ የሚኖሩት በኦዴቴ ግቢ፣ ግንቡ ሥር ባለው የደረቀ የማንጎ ግንድ ውስጥ ነበር። ጭስ ሸቶኝ ስወጣ ባሏ ኔልሲኖ ግንዱ ላይ ነዳጅ አርከፍክፎ ለኩሶታል። መሰላል ላይ ወጥቼ ጮህኩበት።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ ሰው?»

«የጣሪያዬን እንጨት ወንፊት አደረጉት እኮ ዙልሚራ! አናቴ ላይ ሲወርድ አንቺ ትቀብሪኛለሽ?»

«በደስታ!»

ኦዴቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። እጇን አጣምራ፣ እሳቱን እንደ በዓል እሳት እያየች... እራት አልበላሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሠላሳ አበባ፣ አንድም ንብ የለም። በጣቴ ራሴ አዳቀልኳቸው። ብናኙን ከአንዱ እያነሳሁ ሌላው አናት ላይ ቀባሁ። ንብ የሚሠራውን ሰው ያቅተዋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ያቅተዋል። ሁሉም ረገፉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዘር ሻጯ ጃንዲራ ጋ ሄድኩ። ሦስት ሐረግ፣ ይሄ ሁሉ አበባ፣ በእጄ እየነካኋቸው ለምን እንቢ ይሉኛል አልኳት።

«ሐረጎቹ ከየት መጡ?»

«አባባ ከተከለው ሐረግ። እየቆረጥኩ ነው ያባዛሁት።»

«እንግዲያ ሦስት አይደሉም እትዬ፣ አንድ ናቸው። ቢጫው ፓሽን የራሱን ብናኝ አይቀበልም። የሌላ ሐረግ ያስፈልገዋል።»

«ከየት አባቴ ላምጣ?»

ሳቀች። «ከእህትሽ ግቢ ነዋ! ከእኔ ዘር ገዝታ የተከለችው አለ አይደል?»

«ሞቼ ነው!» ብያት ወጣሁ። ለካ እስከ ዛሬ ንቦቹ ከእሷ ግቢ ይዘው እየመጡ ነው ፍሬ ስበላ የኖርኩት። ይሄም አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የሙታን ቀን፤ ሁሉም ወደ ዘመዱ መቃብር ሻማ ይዞ ይወርዳል። ገና በጠዋቱ መቃብር ወረድኩ። ኦዴቴ ቀድማኛለች። አባባ መቃብር ላይ ሻማ አብርታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታወራዋለች። እንዳለሁ አላወቀችም።

«ምን በድዬህ ነው? ልትሞት ስትል አንድ ጊዜ ስሜን ብትጠራ ምን ነበረበት?»

ሻማዬን ሳላበራ ተመለስኩ። ቤት እስክደርስ በንዴት እየነደድኩ። በእሷ እንባ ምን አናደደኝ? ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሰባት ሰዓት ተኩል። ሬዲዮው ዝም ብሏል፤ የሉም ብዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። የኦዴቴ ሐረግ ግንቡን ለብሶታል፣ አበባው እጄ ሥር ነው። ሁለት ቀጥፌ እጄን ወደ ሦስተኛው ስዘረጋ...

«ሌባ!»

ከሥሬ ናት። መጥረጊያ ይዛ።

«ባልሽ ንቦቼን አቃጠለ!» አልኳት። «ዕዳሽን ነው የወሰድኩት!»

«ንቦችሽን? ክርስትና አንስተሻቸው ነበር?»

«የአባባ ሐረግ መካን ሆኖ ሊቀር ነው! አይገባሽም?»

«አባባ አትበይኝ!» መጥረጊያውን ወረወረችው። «አፈር ካለበሳችሁት በኋላ ደወልሽልኝ። ሬሳውን እንኳ ሳላይ! አሁንም ልጠይቅሽ ዙልሚራ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠራም?»

ከስድስት ዓመት በፊት ስትጠይቀኝ «አልጠራሽም» ብያታለሁ። ዛሬም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ወጣ።

«ጠርቶሻል። ሦስት ቀን ሙሉ።»

እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ግንቡን በአንድ እጇ ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የቀጠፍኳቸውን አበቦች አልተጠቀምኩባቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እንግዲህ ልጻፈው።

አባባን አራት ዓመት ያጠብኩት እኔ። ያጎረስኩት እኔ። ሌሊት የተነሳሁት እኔ። እሷ ያኔ፣ ጎረቤቴ ሳትሆን በፊት፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ በዓመት አንዴ ኬክ ይዛ ከች ትላለች፤ ያን ጊዜ የአባባ ፊት ሲበራ! ለእኔ በርቶ አያውቅም። ሊሞት ሲል የጠራው እሷን ነው። እኔ አጠገቡ ሆኜ «ኦዴቴ... ኦዴቴ...»። እጄን ይዞ እኮ ነው!

ስልኩ ኮሪደሩ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም። አባባን «መንገድ ላይ ናት» አልኩት።

በኔልሲኖ ነው የምናደደው? በንብ ነው?

እሑድ፣ ኅዳር 1

አርባ አበባ ተከፍቶ ተዘጋ። መሰላሉን አላነሳሁም። ቅዳሴም አልሄድኩም። ሬዲዮው ድምፁ የለም። ምነው በጮኸ...

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ኔልሲኖ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«እህል አትቀምስም። ምንድን ነው ያልሻት?»

«እውነቱን።»

«በፊትስ ምን ነበር ያልሻት?»

በሩን ልዘጋበት ያዝኩ። ገባው መሰለኝ፣ ኮፍያውን አጠለቀ።

«እኔ ያቃጠልኩት ንብ ነው፣ ዙልሚራ» አለኝ። «አንቺ ግን...» ሳይጨርሰው ሄደ።

በሩን በኃይል ዘጋሁት። ሐረጉን በቆንጨራ ልቆርጠው ወጥቼ ነበር። አልቻልኩም፤ ሥሩ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል የመንገዱ በር ተንኳኳ። ኦዴቴ ናት! በጎድጓዳ ሳህን የራሷን አበቦች ይዛለች። ከስታለች። ሰላም አላለችኝም፤ በአጠገቤ አልፋ በቀጥታ ወደ ጓሮ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች። «አበባው አይጠብቅም።»

አንዱን አንስታ የእኔዎቹ አናት ላይ ታሸው ጀመር። ሽቦውን ዝቅ አድርጌ ያዝኩላት። ስንጨርስ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። አባባ ምን አለ? አንድ ቃል እንዳታስቀሪ። እንዳታሳምሪም።»

ነገርኳት። ጠዋት ውሃ ጠየቀ። «ኦዴቴ መጣች?» አለ። መንገድ ላይ ናት አልኩት። ከሰዓት ሲዘንብ፣ «እንዳትበሰብስ፣ ዣንጥላ ይዘሽ ተቀበያት» አለኝ።

«እሺ... ከዚያስ?»

«ይዤ ወጣሁ። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ተመልሼ አውቶቡሱ ዘግይቷል አልኩት።»

ያኔ ተነሳችብኝ። እርጉም አለችኝ፣ ድንጋይ አለችኝ፣ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። በስድስት ዓመት ያጠራቀመችው አንድም አልቀረ። ሲደክማት እንደገና ተቀመጠች።

«ለእኔ ዣንጥላ ይዘሽ ውጪ አለሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። ጥቁሩን፣ ትልቁን ውሰጂ አለኝ።»

ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። አበቦቹ መዘጋት ሲጀምሩ ሳህኗን አንስታ ወጣች።

«አልማርኩሽም» አለችኝ በሩ ላይ። «ነገ በሰባት ሰዓት እመጣለሁ።»

ነገ ሁለተኛውን ቀን ነው የምነግራት።