ስንት ከረጢት ይበቃል?

ሪያድ፣ ጥር 2013 ዓ.ም.

ለውዷ ጓደኛዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ልጅሽ ጥርስ አወጣች? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ልቤ ብቻ ግራ ተጋብቷል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ቃል አጠረኝ። ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ለምትገባው፣ እዚህ መንሱራ ሰፈር ለምትሠራው ለይላ ሰጥቼልሻለሁ።

የምሠራላት ማዳም ለዶክትሬቷ የባሕር አረም እንደምታጠና ነግሬሽ የለ? በኮሮና ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ ከቀይ ባሕር ያመጣችውን ሠላሳ ከረጢት የቤታችን ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። በየከረጢቱ ያለው፣ ድንጋይ ላይ አንድ የሽቦ ክፈፍ ተጥሎ በክፈፉ ውስጥ የተገኘው አረም ነው። አስሩን ከፍታ ዝርያዎቹን ቆጠረች። ከሰባተኛው በኋላ አዲስ ስላላገኘች፣ ኸላስ አስር ይበቃል፣ ሌላውን ጣይና ለዒድ ሥጋ ቦታ አብጂ አለችኝ።

ልጥል ስል ዓይኔ ከረጢቶቹ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ላይ አረፈ። አስሩም የተሰበሰቡት ከዳርቻው ነው፤ የቀሩት ግን ከጥልቁ። አንዱን ሳህን ላይ ዘረጋሁት። ከዝርዝሯ ውስጥ የሌለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ አረም ወጣ። ሌላም ከፈትኩ፤ ሌላ አዲስ። የቤቱን ሥራ እየጨረስኩ ሳምንት ሙሉ ቆጠርኩ። ከዚያ የከረጢቶቹን ቁጥር እንደ ዕጣ እያወጣሁ፣ በየተራው ስንት አዲስ ዝርያ እንደሚጨመር ደጋግሜ ደመርኩ። ሃያ አራት ከረጢት ገደማ ሳይደርስ አዲስ መምጣቱን አያቆምም።

የደመርኩበትን ወረቀት ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ እንዴ አለችኝ። አባቴ ሲሞት ያቋረጥኩትን የደሴ ዩኒቨርሲቲውን የባዮሎጂ ትምህርት ነገርኳት። ለምን ደበቅሽኝ ስትለኝ፣ መቼ ጠየቅሽኝ ልላት ፈልጌ ይቅርታ ማዳም አልኩ። ለምን ይቅርታ እንዳልኩ እስካሁን አይገባኝም።

ከዚያ ሁለት ወር ወጥ ቤት ተቀምጠን አብረን ቆጠርን። ሻይ ራሷ ታፈላልኝ ጀመር። ራዲያ፣ ይሄስ ከየትኛው ነው እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፏ ተጠርዞ መጣ። ምስጋናው ላይ ባሏ አለ፤ ድመቷ እንኳ በስሟ አለች። እኔ “የቤት ሠራተኛችን” ነኝ። ያን ገጽ እያሳየችኝ በደስታ አቀፈችኝ፤ ሁለት ዓመት ትጨምሪልኛለሽ አይደል አለችኝ። እኔም አቀፍኳት። ልናደድ ልደሰት አላውቅም። ኢንሻአላህ አልኳት እንጂ ውሉን አልፈረምኩም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ሄደሽ የሁለቱን ዓመት ውጤቴን አስወጪልኝ። ያቋረጠ ሰው እስከ መቼ እንደሚመዘገብም ጠይቂ። ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ እኔም ገና ለራሴ አልነገርኩትም።

አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላው።

የዶርም እህትሽ